የካርናክ ቤተ መቅደስ የግንባታ ታሪክ፦ «አንደኛው» የበር ግንብ ስለምን በመጨረሻ ተሠራ?

የታሪክ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ጥንታዊት ግብፅ የሚሰጠውን ትምህርት ሳዘጋጅ በካርናክ የሚገኘውን የአሞን ቤተ መቅደስ በምሳሌነት ለማንሣት አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ባነበብኩ ቁጥር ነገሩ እየተወሳሰበብኝ ስለ ሄደ የእናንተን እገዛ ለመጠየቅ ተገድጃለሁ። በእጄ ካሉት ጽሑፎች አንዱ ቤተ መቅደሱን የዳግማዊ ራምሴስ ሥራ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሁለተኛው የንግሥት ሀትሼፕሱትንና የሣልሳዊ ቱትሞስን ስም ያስቀድማል፤ ሌላው ደግሞ ግንባታው ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የፈጀ ነው ካለ በኋላ የማንንም ስም ሳያነሣ ያልፋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ የበር ግንቦቹ ቁጥር ነው። በፕላኑ ላይ እንደሚታየው፣ ወደ ቤተ መቅደሱ የሚያስገቡት ታላላቅ መንትያ የበር ግንቦች ዐሥር ሲሆኑ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ፕላኑን ሰሌዳ ላይ ስዬ ሳሳይ አንድ ተማሪ «እንግዲያው መጀመሪያ የተሠራው አንደኛው ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ግን አንደኛው የበር ግንብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ፣ አራተኛው ግን ከዚያ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ እንደ ቆመ ይናገራል። የኅትመት ስሕተት ይሆናል ብዬ እንዳላልፈው ሌላውም መጽሐፍ የሚለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የግንባታው ቅደም ተከተል በእርግጥ ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ አጥኚዎችስ የትኛው ግድግዳ ከየትኛው እንደሚቀድም በምን እንደሚለዩ የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪ «ማን ሠራው?» ሲለኝ ባጭሩ የምመልሰው ነገር ካለም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ መምህር፣ ከአንኮበር

ውድ መምህርት፣ መጽሐፍዎ አልተሳሳተም፤ ተማሪዎም የጠየቀው ፕላኑን ያየ ሁሉ የሚጠይቀውን ነው። ለበር ግንቦቹ ቁጥር የሰጧቸው የዘመናችን አጥኚዎች እንጂ ጥንታውያኑ ግብፃውያን አይደሉም፤ ቁጥሩም የተከተለው የጎብኚን አካሄድ ነው። ከዓባይ ወንዝ ዳርቻ፣ ማለትም ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚገባ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው አንደኛውን ሲሆን፣ እየዘለቀ ሲሄድ ስድስተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከሰባት እስከ ዐሥር ያሉት ደግሞ ከመካከል ወደ ደቡብ በሚዘረጋው በሁለተኛው መንገድ ላይ የተደረደሩ ናቸው። ቤተ መቅደሱ ከውስጥ ወደ ውጭ እያደገ ስለ ሄደ፣ በዋናው መንገድ ላይ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘመኑ ወደ እኛ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ይህንንም ቢሆን እንደ ደንብ አድርገው ለተማሪዎች እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ። ስድስተኛውን ያቆመው ሣልሳዊ ቱትሞስ ሲሆን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን አስቀድሞ የሠራው አያቱ ቀዳማዊ ቱትሞስ ነው፤ በደቡቡ መንገድም የሀትሼፕሱት ስምንተኛ ግንብ ከሣልሳዊ ቱትሞስ ሰባተኛ ግንብ ይቀድማል።

አሁን ከመነሻው ልጀምር። በስፍራው ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ዳግማዊ ኢንቴፍ የተባለው የቴብስ (ካርናክ የሚገኝባት የጥንት ከተማ) ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ገደማ ያቆመው፣ የአሞንን ስም የያዘ የአሸዋ ድንጋይ ዓምድ ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ቀዳማዊ ሴኑስረት በዚሁ ስፍራ ላይ በነጭ የኖራ ድንጋይ ሰፊ ቤተ መቅደስ ሠራ። ለኋለኞቹ ነገሥታት ሁሉ መነሻ የሆነው እምብርት ይህ ነበር፤ ዛሬ ግን እዚያ ቦታ ላይ የሚታየው ባዶ ሜዳና ጥቂት የግራናይት የበር ደፎች ብቻ ናቸው። የኖራ ድንጋዩን የኋለኛው ዘመን ሰዎች እያቃጠሉ ኖራ አድርገው ጨርሰውታል። ብዙ ጎብኚዎች በታላላቆቹ ዓምዶች ተደንቀው ይህን ባዶ ቦታ ሳያዩት ያልፋሉ፤ ለእኔ ግን የካርናክን ታሪክ ለሚያስተምር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ እርሱ ነው፤ ያ ሁሉ ግንብ የተደረደረው ለእርሱ ሲባል ነውና።

ታላቁ የማስፋፋት ሥራ የጀመረው ቴብስ የመላው ግብፅ መናገሻ በሆነችበት በ18ኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ ቀዳማዊ ቱትሞስ አሮጌውን ቤተ መቅደስ በቅጥር ከበበው፤ ከፊቱም አራተኛውንና አምስተኛውን የበር ግንብ አቁሞ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ሁለት ረጃጅም ሐውልቶችን (ኦቤሊስኮችን) አስተከለ፤ አንደኛው ዛሬም እንደ ቆመ ነው። የሥራው ኃላፊ ኢኔኒ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ባስጻፈው ታሪክ፣ ሐውልቶቹን ለማጓጓዝ ርዝመቱ 120 ክንድ፣ ወርዱ 40 ክንድ የሆነ ጀልባ እንዳሠራ ይናገራል። የሥራ ኃላፊ ስለ ራሱ ሲናገር መጠነኛ ማጋነን የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ሐውልቱ ቆሞ ስለሚመሰክርለት ሰውየውን ሐሰተኛ ማለት አይቻልም።

የቀዳማዊ ቱትሞስ ልጅ ሀትሼፕሱት በበኩሏ በእነዚሁ በሁለቱ ግንቦች መካከል ከአስዋን ግራናይት የተፈለፈሉ ሌሎች ሁለት ሐውልቶችን አስተከለች። እስከ አሁን የቆመው ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ሲኖረው ክብደቱ ከ300 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። በእግሩ ሥር በተጻፈው ጽሑፍ መሠረት፣ ድንጋዩን ከተራራው ፈልፍሎ ለማውጣት የፈጀው ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ በነገሠች በ15ኛው ዓመት ተጀምሮ በ16ኛው ዓመት እንዳለቀ ወሩና ቀኑ ሳይቀር ተጽፏል። ከዚህም ሌላ የአምላኩ የአሞን ምስል በበዓል የሚጓዝበት ቅዱሱ ጀልባ የሚያርፍበትን፣ ዛሬ «ቀዩ መቅደስ» የሚባለውን ከቀይ ኳርትዛይትና ከጥቁር ድንጋይ አሠርታለች። ሣልሳዊ ቱትሞስ ደግሞ ከስድስተኛው ግንብ በተጨማሪ ከእምብርቱ በስተ ምሥራቅ፣ ማለትም ከኋላ በኩል፣ አክ መኑ የሚባለውን የበዓል አዳራሽ ጨመረ። ልብ ይበሉ፤ ቤተ መቅደሱ የሚያድገው ወደ ፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ የተማሪዎ ስሌት ተገልብጦ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም አድጓል።

ሦስተኛውን የበር ግንብ የሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ነው። እዚህ ላይ «በምን ይታወቃል?» ለሚለው ጥያቄዎ ዋናው መልስ ይገኛል። እነዚህ ግንቦች ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ አዲስ ድንጋይ አይደለም፤ ፊቱ በጥርብ ድንጋይ ይያዝና ሆዱ በሙሌት ይሞላል። ሣልሳዊ አሜንሆቴፕም ለሙሌት የተጠቀመው ከእርሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት የሠሯቸውን ትናንሽ መቅደሶች አፍርሶ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ግንቡ ሲጠገን ከሆዱ ውስጥ የቀዳማዊ ሴኑስረት «ነጩ መቅደስ»፣ የቀዳማዊ አሜንሆቴፕ የአልባስጥሮስ መቅደስ፣ እንዲሁም የሀትሼፕሱት ቀይ መቅደስ ድንጋዮች ወጡ። ነጩ መቅደስ ከነሥዕሉ ከሞላ ጎደል ሳይጎድል ስለ ተገኘ ሄንሪ ሼቭሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ አርኪቴክት በ1930ዎቹ መልሶ አቁሞታል፤ የቀዩ መቅደስም ድንጋዮች ወደ 20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም እንደገና ተገጣጥመዋል። የንጉሥ ስም ያለበት ድንጋይ በሌላ ንጉሥ ግንብ ሆድ ውስጥ ሲገኝ የትኛው እንደሚቀድም የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ማስረጃ ስሙ ራሱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግንብ መካከል ያለው ታላቁ የዓምዶች አዳራሽ፣ ማለትም መጽሐፍዎ «የራምሴስ ሥራ» ያለው፣ 134 ዓምዶች ያሉት ሲሆን የመካከለኞቹ 12ቱ ቁመት 21 ሜትር ያህል ነው። አዳራሹን አቁሞ ሰሜናዊውን ክፍል በቅርጽ ያስጌጠው ቀዳማዊ ሴቲ ነው፤ ልጁ ዳግማዊ ራምሴስ የደረሰው ደቡባዊው ክፍል ሳያልቅ ነው። ራምሴስ በንግሥናው መጀመሪያ እንደ አባቱ ከድንጋዩ ፊት ጎላ ብሎ የሚወጣ ቅርጽ ያሠራ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ውስጥ የሚቦረቦረውን፣ ፈጥኖ የሚያልቀውንና ለመፋቅ የሚያስቸግረውን ዓይነት መረጠ። የዙፋን ስሙም በመጀመሪያው ዓመት አጭር ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት «በፀሐይ አምላክ በራ የተመረጠ» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ተጨመረበት። ስለዚህ አንድ ግድግዳ ላይ ጎላ ያለ ቅርጽ ከአጭሩ ስም ጋር የተገኘ እንደሆነ፣ ያ ግድግዳ በንግሥናው መጀመሪያ የተሠራ መሆኑን በዓመት ልዩነት ለይቶ መናገር ይቻላል። እንደዚህ ያለውን ትክክለኛነት ለተማሪዎች ማሳየት ከአሥር የነገሥታት ስም የተሻለ ይመስለኛል።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ሁለተኛውን፣ ዘጠነኛውንና ዐሥረኛውን ግንብ ያስገነባው ከሴቲ በፊት የነገሠው ሆሬምሄብ ነው፤ ከአዳራሹ ፊት ያለውን አደባባይ የ22ኛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በጎንና በጎን በዓምድ ያዙት፤ አንደኛውን የበር ግንብ ከ380 እስከ 362 ከክርስቶስ ልደት በፊት የገዛው ቀዳማዊ ነክታኔቦ እንደ ጀመረው አብዛኞቹ አጥኚዎች ይስማማሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ታላቅ የጭቃ ጡብ ቅጥርም የእርሱ ነው። «ማን ሠራው?» ለሚለው ደግሞ «ቀዳማዊ ሴኑስረት መሠረተው፣ የ18ኛውና የ19ኛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታት አገዘፉት፣ ነክታኔቦ ደጁን ጀምሮ ተወው» ብለው ቢመልሱ ከእውነቱ አይርቁም።

ግንበኛ፣ ከመንዝ

መምህራችን የተናገሩት የተሟላ ሆኖ ሳለ፣ የድንጋይ ሥራ መተዳደሪያዬ ስለሆነ እርሳቸው በአንድ ቃል ያለፉት «ጀምሮ ተወው» የሚለው ነገር ላይ ጥቂት ልጨምር። በእኔ አስተያየት የካርናክን አሠራር በተሻለ የሚያስረዳው ያለቀው ሳይሆን ሳያልቅ የቀረው ክፍል ነው፤ ያለቀ ሥራ የሠራተኛውን አካሄድ ይሸፍናልና።

አንደኛው የበር ግንብ ወርዱ 113 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱ ክንፎቹ በቁመት እኩል አይደሉም፤ የሰሜኑ ከደቡቡ በብዙ ሜትር ያንሳል። የተቀረጸ ሥዕልም ሆነ ጽሑፍ የለውም። በደቡቡ ክንፍ በውስጥ በኩል፣ ሠራተኞቹ ድንጋዩን ወደ ላይ የጎተቱበት የጭቃ ጡብ ድልድል እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ግንቡ አንድ ረድፍ ከፍ ባለ ቁጥር ድልድሉም አብሮ ከፍ ይል ነበር፤ ሥራው ሲያበቃ ከላይ ወደ ታች እየተናደ ሊወገድ የታሰበ ነው። ሥራው ስለ ቆመ ድልድሉም ቀረ። ይህ ባይኖር ኖሮ፣ ያን የሚያህል ድንጋይ እንዴት ወጣ በሚል ዛሬ የሚነገረው ተረት በእጥፍ ይበዛ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በዚያው በአንደኛው አደባባይ በደቡብ በኩል፣ ገና ያልተላጉ ዓምዶች ይታያሉ። ዓምዱ ክብ ሆኖ ተጠርቦ የቆመ አይደለም፤ በመጀመሪያ ጎርባጣው ድንጋይ እንዳለ፣ ማዕዘኑ ወጣ ገባ እንደሆነ ይደረደራል፤ መገጣጠሚያው ብቻ ልክ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ጠራቢው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ መሮውን ይዞ ክብ ያወጣዋል፤ ቀራጩና ቀለም ቀቢው ይከተሉታል። ድንጋይ አስቀድሞ ቢላግ ሲነሣና ሲጎተት ጠርዙ ስለሚሸረፍ፣ ይህ አሠራር ዛሬም ቢሆን የሚያስነቅፍ አይደለም። የአሮጌ ሕንፃ ድንጋይ ሙሌት መሆኑም ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በእኛም አገር አሮጌ የድንጋይ ቤት ሲፈርስ ጥርቡ ለአዲሱ ማዕዘን ይሄዳል፣ ስብርባሪው ሆዱን ይሞላል።

የሚነቀፈው መሠረቱ ነው። ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው የዓምዶቹ አዳራሽ መሠረት ጥልቀቱ ትንሽ፣ ድንጋዩም ከሌላ ሕንፃ የመጣ ትናንሽ ብሎክ ነበር። በዚያ ዘመን በየዓመቱ የዓባይ ሙላት ሲመጣ ውሃው ከሥር ይሰርግ ነበር፤ ሲጎድል ጨው በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ጨው ሲደርቅ ደግሞ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰብረው ነበር። (ያ ሙላት ከእኛው ደጋ ይወርድ እንደ ነበረ፣ ከጀማ ወንዝ የሚሄደውም ውሃ የዚያ አካል እንደ ነበረ ተማሪዎች ቢያውቁት አይጠሉትም።) በጥቅምት 3 ቀን 1899 እ.ኤ.አ. በአዳራሹ ውስጥ 11 ዓምዶች በአንድ ጊዜ ወደቁ። ጥገናውን የመራው ዦርዥ ለግራን የወደቁትን ድንጋዮች በቁጥር በቁጥራቸው ለይቶ መልሶ አቁሟቸዋል፤ ስለዚህ ዛሬ በፎቶግራፍ ከምናያቸው ዓምዶች ከፊሎቹ ከሥራቸው ያለው መሠረት የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኔ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ቲርሐቅ በካርናክ ሕንፃ እንደ ሠራ ሰምቻለሁ፤ ከጋሼ መምህሩ ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙን አላገኘሁትም። እውነት ከሆነ የሠራው የትኛውን ነው?

ጡረተኛ መምህር፣ ከአንኮበር

ልጄ፣ እውነት ነው። ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን የገዛው ቲርሐቅ በአንደኛው አደባባይ መካከል ዐሥር ረጃጅም ዓምዶች ያሉት፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ የማረፊያ ድንኳን መሳይ ሕንፃ አሠርቶ ነበር። ከዐሥሩ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የቆመው አንዱ ብቻ ነው፤ የካርናክ ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁሉ ያን ብቸኛ ዓምድ አይቶታል። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዳግማዊ ፕሳምቲክ በኩሽ ላይ ሲዘምት የኩሽ ነገሥታትን ስም ከየሕንፃው ስላስፋቀ፣ በዚህም ዓምድ ላይ የቲርሐቅ ስም ተፍቆ የፕሳምቲክ ስም ተተክቶበታል። ሆኖም ቲርሐቅ መናገሻው በዛሬዪቱ ሱዳን ሰሜናዊ ክፍል ያለችው ናፓታ የሆነ የኩሽ ንጉሥ እንደ ነበረ ሳይነገር መቅረት የለበትም። በታሪኩ ለመኩራት የሚፈልግ ሰው ይኩራ፤ መምህር ግን ቦታውን በካርታ ላይ በትክክል ማሳየት ይኖርበታል።

የታሪክ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ ወንድሜም ግንበኛው፣ ከጠበቅሁት በላይ ረድታችሁኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ተማሪዎቼ የአንዱን ንጉሥ መቅደስ ሌላው እንዳፈረሰው ስነግራቸው «ጠላቱ ስለ ነበረ ነው» ብለው እንደሚደመድሙ አውቃለሁ። ሣልሳዊ ቱትሞስ ሀትሼፕሱትን ይጠላት ነበር የሚለውን እኔም በብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ። ሁሉም ማፍረስ በጥላቻ የመጣ ነውን?

ጡረተኛ መምህር፣ ከአንኮበር

አይደለም፤ ይህን መለየት ከተቻለ የትምህርቱ ግማሽ ተሠራ ማለት ነው። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ማፍረስ አለ፤ ማስረጃዎቻቸውም ይለያያሉ።

ሣልሳዊ አሜንሆቴፕ የሴኑስረትን ነጭ መቅደስ ሲያፈርስ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በፊት የሞተን ንጉሥ የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም። መቅደሱ ቆሞ የነበረው ቤተ መቅደሱ ወደ ፊት በሚያድግበት መንገድ ላይ ይሆናል፤ አሮጌው ድንጋይ ደግሞ ለአምላኩ አንድ ጊዜ የተሰጠ ስለሆነ ከቅጥሩ ውጭ አልተጣለም፤ በአዲሱ ሕንፃ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ። በሌላ መልኩም ይህንኑ ልማድ እናያለን። በ1903 እ.ኤ.አ. ያው ለግራን ከሰባተኛው ግንብ ፊት ያለውን ግቢ ሲቆፍር ከ700 በላይ የድንጋይ ምስሎችና እጅግ ብዙ የነሐስ ምስሎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው አግኝቷል። ካህናቱ ቦታ ያጣበበባቸውን ንዋየ ቅድሳት በዚያው በቅዱሱ መሬት ቀበሩት እንጂ አልሰባበሩትም።

የሀትሼፕሱት ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ሆኖም በተለምዶ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ሣልሳዊ ቱትሞስ ሐውልቶቿን አላስወደቃቸውም፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚታየውን የታችኛውን ክፍል በግንብ አስሸፈነው፤ ጫፋቸው ግን ከጣሪያው በላይ ይታይ ነበር። ቀዩ መቅደስም ቢሆን የላይኛው ረድፍ ቅርጹ ያለቀው በራሱ በቱትሞስ ስም ነው፤ ማፍረሱ የመጣው በኋላ ነው። ስሟንና ምስሏን ከየግድግዳው ማስፋቅ የጀመረው ደግሞ ከሞተች ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ፣ በንግሥናው ማብቂያ ላይ ነው። በቁጣ የተነሣ ሰው ሃያ ዓመት አይቆይም፤ ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች ነገሩን ከዙፋን ወራሽነት ጥያቄ ጋር ያያይዙታል፤ እኔም ይህን አመለካከት እቀበላለሁ። የተሸፈነው የሐውልቱ ክፍል ከንፋስና ከሰው እጅ ተጠብቆ መቆየቱ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽታ ነው።

እውነተኛውን ጥላቻ የምናገኘው በአኬናተን ላይ ነው። የአሞንን አምልኮ ትቶ አተንን ብቻ ያስመለከው ይህ ንጉሥ ወደ አዲሱ ከተማው ከመሄዱ በፊት፣ በንግሥናው የመጀመሪያ ዓመታት ከካርናክ በስተ ምሥራቅ ለፀሐይ ክበብ ለአተን ቤተ መቅደሶችን አሠርቶ ነበር። ሥራውን ለማፋጠን የተጠቀመበት ድንጋይ ታላታት የሚባለው፣ ርዝመቱ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወርዱና ቁመቱ የርዝመቱን እኩሌታ የሚጠጋ ትንሽ ብሎክ ነው፤ አንድ ብርቱ ሠራተኛ ብቻውን ይሸከመዋል። የአሞን አምልኮ ሲመለስ ሆሬምሄብ እነዚያን ሕንፃዎች አስፈርሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ብሎኮች በሁለተኛው፣ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ግንብ ሆድ ውስጥ ከተታቸው። የተፈጥሮ ነገር ሆኖ በፍጥነት የተሠራ ሕንፃ በፍጥነት ይፈርሳል። ነገር ግን በዘጠነኛው ግንብ ውስጥ ሠራተኞቹ ብሎኮቹን ከፈረሰው ግድግዳ ባወረዷቸው ተራ ስለ ደረደሯቸው፣ አጥኚዎች ተራውን ወደ ኋላ በመከተል ሥዕሎቹን ገጣጥመዋል። በሉክሶር ሙዚየም 283 ብሎኮች ያሉት አንድ ሙሉ ግድግዳ በዚህ መንገድ እንደገና ቆሟል። በግንባሩ የቆሙት የአሞን ሕንፃዎች ቀለማቸው ሲለቅ፣ ሊጠፋ የተፈለገው የአኬናተን ሥራ በግንብ ሆድ ውስጥ ቀለሙን ይዞ ቆየ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

ከነክታኔቦ በኋላስ? ፋርሶችና ግሪኮች ሲመጡ ግንባታው በዚያው ቆመ ማለት ነው?

ጡረተኛ መምህር፣ ከአንኮበር

አዲስ ግዙፍ ግንብ መጨመር ቆመ እንጂ ሥራው አልቆመም። ታላቁ እስክንድር እንደ ሞተ የነገሠው ወንድሙ ፊሊጶስ አሪዳዮስ፣ እግሩ ግብፅን ሳይረግጥ፣ በእምብርቱ ላይ ያለው የቅዱሱ ጀልባ ማረፊያ በስሙ ከግራናይት እንደገና ተሠርቶለታል፤ ዛሬ በመካከል ቆሞ የሚታየው ይኸው የእርሱ ነው። የተተካውም የሣልሳዊ ቱትሞስ መቅደስ ነበር። ስለዚህ መምህርታችን «ከውስጥ ወደ ውጭ አደገ» የሚለውን ሲያስተምሩ፣ በቤተ መቅደሱ ውስጠኛ ክፍል ያለው ሕንፃ ከዙሪያው ካሉት ግንቦች በአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት ያህል የሚያንስ መሆኑን አብረው ቢያነሡ መልካም ነው። በክርስትና ዘመን ደግሞ የአክ መኑ አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ የቅዱሳን ሥዕል ርዝራዥ በዓምዶቹ ላይ ተገኝቷል።

ሮማውያን ከመጨመር ይልቅ ወሰዱ። ሣልሳዊ ቱትሞስ አስፈልፍሎ ሳያስተክለው የሞተ፣ 35 ዓመት ተጋድሞ ቆይቶ የልጅ ልጁ ራብዓዊ ቱትሞስ ከአክ መኑ በስተ ምሥራቅ ያቆመው ሐውልት በ357 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ቆስጠንጢዮስ ትእዛዝ ሮም ገብቶ ተተከለ። ዛሬ በላተራን ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው፣ 32 ሜትር የሚሆነውና ከቆሙት የግብፅ ሐውልቶች ሁሉ የሚረዝመው እርሱ ነው። ሌላው የሣልሳዊ ቱትሞስ ሐውልት ደግሞ በ390 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን በቁስጥንጥንያ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ቆመ፤ የታችኛው ክፍሉ ጎድሎ የላይኛው ብቻ ቀርቶ ኢስታንቡል ውስጥ ይገኛል። በካርናክ ፕላን ላይ የእነዚህን ቦታ ባዶ ሆኖ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።